የቡና መለያና የመሣሪያ ሣጥኔ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አዲስ ሥራ ተጀመረ። ደንበኛዬ ቡና ቆልተው በሩብ ኪሎ ከረጢት እያሸጉ የሚሸጡ ሴት ናቸው። እስካሁን ከረጢቱ ላይ የሚለጥፉት ስቲከር ሰፈራቸው ካለ ፎቶኮፒ ቤት የሚወጣ ነው። አንዴ ቡናማ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ሆኖ ይመጣል። ለገና የሚደርስ አዲስ መለያ ይፈልጋሉ። ለቴሌግራም ቻናላቸውና ለኢንስታግራም የሚሆኑ ምስሎችም አብረው አሉ። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉ በኅዳር መጨረሻ ይድረሰኝ ብሏል።

ማስታወሻውን የምይዘው ግን ለመለያው ብቻ ብዬ አይደለም። በዚህ ሥራ አሳብቤ የምጠቀምባቸውን ሶፍትዌሮች ላበጥራቸው ነው። በየወሩ በዶላር የሚከፈልባቸው በዝተውብኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ሶፍትዌሮቹ በዶላር ሳንቲም ሳይጨምሩ በብር እጥፍ ሆኑ። የሚከፈለውም ሜሪላንድ ባለችው እህቴ ካርድ ነው። በየወሩ "ካርድሽ ላይ ቆረጠ እንዴ?" እያልኩ መጻፍ ሰልችቶኛል። እሷም አፍ አውጥታ አትናገርም እንጂ ሰልችቷታል።

መመዘኛዬ እንዲህ ነው። መብራት ወይም ኔት ሲሄድ ሥራው ይቀጥላል ወይ? የግዕዝ ፊደል ላይ አይደናበርም ወይ? የሚወጣው ፋይል ማተሚያ ቤት ሲደርስ በትክክል ይከፈታል ወይ? ነጻ መሆኑ ከነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ለመጀመሪያ ቀን ሁለት ነገር ብቻ። የሥራ ሰዓት መቁጠሪያው ቶግል ላይ የሥራውን ስም አስገብቼ ሰዓቱን አስነሳሁ። ነጻው ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ኔት ባይኖርም ይቆጥርና በኋላ ይልካል። ከዚያ ማህደሩን ከፈትኩ፦ "ከደንበኛ የመጣ"፣ "ሥራ"፣ "ለዕይታ"፣ "ለኅትመት"። ከነዚህ ውጭ የሚቀመጥ ፋይል የለም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሎጎውና ጽሑፉ በቴሌግራም ገቡ። ሁለቱም ጣጣ አላቸው።

ሎጎው እንደ ፎቶ ነው የተላከው። ቴሌግራም ፎቶ ሆኖ የተላከን ነገር ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይነካው ያደርሳል። የድምፅ መልእክት ላክሁ፦ "እትዬ፣ ያቺን የወረቀት ማያያዣ የምትመስል ምልክት ይጫኑና 'ፋይል' የሚለውን ይምረጡ። ምስሉን በዚያ በኩል ይላኩልኝ።" መልሳቸው ወዲያው መጣ፦ "ያለኝ ይኸው ነው ልጄ። የሠራው ልጅ ዱባይ ሄዷል።"

ጽሑፉ ይብሳል። የዎርድ ፋይል ነው። ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ አገኘሁት። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛ ፊደላትን ቦታ ተውሰው ነበር አማርኛ የሚያሳዩት። ፎንቱ ካለህ ታነባለህ፣ ከሌለህ ዝባዝንኬ ነው። ዛሬም በነዚያ ፎንቶች የሚተይብ ጽሕፈት ቤት መኖሩ ይገርመኛል፤ ግን አለ።

ፎንቱን ከማሳደድ ሌላ መንገድ መረጥኩ። ጽሑፉ በተተየበበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ ተደርጎ እንዲመጣልኝ ጠየቅሁ። እሱን ወደ ምስል ቀየርኩና ለቴሰራክት ሰጠሁት። ቴሰራክት ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ክፍት ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ማለት ነው። የአማርኛውን የቋንቋ ፋይል አንዴ ካወረዱለት ኔት አይፈልግም። መልክ የለውም፤ የሚጫኑት ቁልፍ እንኳ የለው፣ ትእዛዝ እየተጻፈለት ነው የሚሠራው። አብዛኛውን በደንብ አነበበ። የሳተው የሚጠበቀው ቦታ ላይ ነው፤ አንዳንዱን "ሉ" "ሊ"፣ አንዳንዱን "ቡ" "ቢ" አለው። እነዚህን የሚለያቸው ከጎን የምትወጣዋ ጭረት ወገቡ ላይ መሆኗና እግሩ ላይ መሆኗ ብቻ ነው። የደበዘዘ ምስል ላይ ሰውም ይስታል።

የቀረውን በኪይማን እየተየብኩ አረምኩ። ኪይማን በየትኛውም ፕሮግራም ውስጥ አማርኛ ያስጽፈኛል፣ በድምፁ "ሰላም" እያልኩ በላቲን ቁልፍ እመታለሁ፣ ነጻ ነው። ስለሱ ሌላ የምጨምረው የለም። ዓመታት ሙሉ አስታውሼው አላውቅም፤ ለመሣሪያ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያለ አይመስለኝም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሎጎውን እንደገና መሳል። ጀበናና የቡና ቅርንጫፍ ነው። ከጭምቁ ፎቶ ላይ ጠርዙ ተበጣጥሷል።

ለዚህ ኢንክስኬፕ የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ከፈትኩ። ምስሉን ወደ መስመር የሚቀይር መሣሪያ አለው። በአንድ ጊዜ ጀበናውን አወጣልኝ፤ ግን በመቶ የሚቆጠር ነጥብ ይዞ ነው የመጣው። የጀበና ሆድ አራት ነጥብ ይበቃዋል። እንዲያ የወጣውን ቅርጽ ከሥር አስቀምጬ፣ ከላዩ ላይ በብዕር መሣሪያው በእጄ ሳልኩት። አውቶማቲኩ ልኩን ለማግኘት ይጠቅማል፤ ለማተሚያ የሚሄደው ግን የእጅ ሥራው ነው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ዴስክቶፑ ላይ ዩፒኤስ አለ፤ ፋይል አስቀምጦ ለመዝጋት ያህል ነው። ኢንክስኬፕ በየተወሰነ ደቂቃው የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ አለው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ በየ2 ደቂቃው እንዲሆን አድርጌዋለሁ። ላፕቶፑ ላይ ቀጠልኩ። ፋይሉን ወደዚያ የወሰደው ሲንክቲንግ ነው፤ ስለሱ እሑድ እጽፋለሁ።

ዶላር ከሚከፈልበት የሥዕል ፕሮግራም ጋር ሳስተያየው፣ ኢንክስኬፕ ይዘገያል፣ ምናሌዎቹም የተዝረከረኩ ናቸው። ጀበና ለመሳል ግን ምንም አልጎደለብኝም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፤ መስኮት ዘግቼ ነው የምሠራው። ዛሬ የፎንት ቀን ነው።

መለያው ላይ የሚቀመጠው ብዙ ነው። የቡናው ስም፣ የመጣበት አካባቢ፣ የአቆላሉ ደረጃ፣ ክብደት፣ የታሸገበትና የሚያበቃበት ቀን፣ አድራሻ፤ ሁሉም በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ስፋቱ 9 በ12 ሴንቲሜትር ነው።

በነጻ ከሚገኙት የግዕዝ ፎንቶች መካከል ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው። ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ 9 ውፍረት አለው፣ ጠበብ ያለ ስፋትም አለው። ለርዕስ አቢሲኒካን ሞከርኩ። የብዕር እጅ አለው፣ መልኩ ብራና ብራና ይላል፤ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ፕሮግራሙ "ቦልድ" ሲሉት በራሱ እያወፈረ ያበላሸዋል። ስለዚህ አቢሲኒካ ትልቅ ሆኖ የቡናው ስም ላይ ብቻ ይቀመጥ፤ ሌላው ሁሉ ኖቶ ይሁን። ሁለቱም ለንግድ ሥራ ፈቃድ ያላቸው ናቸው። ደንበኛ ነገ ከነገ ወዲያ ሲያድግ "ይህን ፎንት ከየት አመጣችሁት?" የሚል ደብዳቤ እንዳይመጣበት ይህን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ለራሴ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ሁሉም ቁመቱ የተቀራረበ ስለሆነ መስመሩ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። ለእንግሊዝኛው የበቃው የመስመር ርቀት ለአማርኛው አይበቃም፤ ከፈት ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ አሰላለፍ ለአማርኛ አይሆንም። ቃላችን ይረዝማል። "እንዲያስቀምጡልን" የሚል አንድ ቃል መስመሩን ሲሞላው ከሱ በፊት ያለው መስመር ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ፕሮግራሞቹ ደግሞ አማርኛን የት ላይ መስበር እንዳለባቸው አያውቁም። ወደ ግራ አስጠግቶ ቀኙን መተው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

የነቢያት ጾም ገባ። ደንበኛዬ "ለጾም ቡና የሚሆን ምስል ቶሎ" ብለው ሌሊት ጽፈዋል። እሺ፣ ከመለያው በፊት ቻናሉ ይቅደም።

ለስክሪን ምስሎች ፊግማን እጠቀማለሁ። አንድ መነሻ ሠርቼ ጽሑፉንና ፎቶውን እየቀያየርኩ ብዙ ምስል አወጣለሁ። ቀለሙን አንድ ቦታ ስቀይር ሁሉም ላይ ይቀየራል። ነጻው ዕቅድ ለብቻው ለሚሠራ ሰው በቂ ነው። ከኔት ጋር ያለው ነገር እንዲህ ነው፦ የተከፈተ ፋይል ላይ እያለህ ኔት ቢጠፋ መሥራት ትችላለህ፣ ሲመለስ ይልከዋል። ያልተከፈተ ፋይል ግን አይከፈትልህም። ስለዚህ ጠዋት ኔት እያለ የቀኑን ፋይሎች ሁሉ ከፍቼ እተዋቸዋለሁ። ሳምንት በሳምንት ደግሞ ቅጂውን ኮምፒውተሬ ላይ አወርዳለሁ።

ለማተሚያ ግን ፊግማ አይሆንም። የሚያውቀው አርጂቢን ብቻ ነው፣ ማለትም የስክሪን ቀለም። ይህን የማያውቅ ወጣት ዲዛይነር ቢዝነስ ካርድ በፊግማ ሠርቶ ማተሚያ ቤት ሲላክ ስንቴ አይቻለሁ።

ፔንፖትንም ጎን ለጎን ሞከርኩ። ክፍት ሶፍትዌር ነው፣ የራስህ ኮምፒውተር ላይ ልትጭነው ትችላለህ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። መጫኑ ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለብቻ ለሚሠራ አልመክረውም፤ አራት አምስት ሆነው አንድ ቢሮ ለሚሠሩ ግን ያዋጣል።

ደንበኛዬ ፊግማ ላይ አስተያየት ጻፉ ብላቸው አይሆንም። አስተያየታቸው የሚመጣው በስክሪንሾት ላይ በጣት በተሳለ ቀይ ክብ ነው። "ይቺ ትቀነስ።" የቱ? ክቡ ሎጎውንም ጽሑፉንም አካቷል። ምስሎቹ ላይ በትንሹ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር እያደረግሁ መላክ ጀምሬያለሁ። አሁን "2ኛው ላይ ያለው ጽሑፍ ይጉላ" ይላሉ። ይህ ሶፍትዌር አይደለም፤ ግን ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ጊዜ ቆጥቦልኛል።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የዚህ ሁሉ ማስታወሻ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ የመለያው ፋይል የሚገጣጠምበት ፕሮግራም። በዶላር ስከፍልበት የቆየሁት ትልቁ ሒሳብ እዚህ ላይ ነበር።

በጥቅምት 2018 አፊኒቲ ነጻ ሆነ። ቀድሞ ሥዕሉ፣ ፎቶውና የገጽ አቀማመጡ ሦስት የተለያዩ ፕሮግራሞች ነበሩ። ካንቫ የተባለው የዲዛይን ኩባንያ ድርጅቱን በ2024 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ አሁን ሦስቱን አንድ አድርጎ ያለ ክፍያ ለቀቀው። የሚጠይቀው የካንቫ አካውንት ብቻ ነው። አንዴ ካስገቡት በኋላ ያለ ኔት ይሠራል። ነጻ ነገር ሲመጣ "ነገስ?" ማለቴ አልቀረም፤ ዛሬ ነጻ የሆነ ነገ ላይሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ እያንዳንዱን ያለቀ ሥራ በፒዲኤፍና በኤስቪጂ (ሥዕልን በመስመር በሚይዝ ፋይል) ጭምር ማስቀመጥ ነው። ሊነክስ ላይ ለሚሠራ ደግሞ ስክራይበስ አለ፤ መልኩ ያስፈራል እንጂ የኅትመት ፒዲኤፍ አወጣጡ የታመነ ነው።

ለምን ኢንክስኬፕ ላይ አልጨርሰውም? በጥቁር ቀለም ምክንያት። ኢንክስኬፕ የሚያስበው በአርጂቢ ነው። ማተሚያ ማሽን የሚያትመው በአራት ቀለም ነው፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫና ጥቁር። የስክሪኑ ጥቁር ወደ አራቱ ሲለወጥ ጥቁር ብቻ ሆኖ አይወጣም። ከአራቱም እየተቀዳ ይደባለቃል። ለትልቅ ቅርጽ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ደመቅ ይላል። ለትንሽ ፊደል ግን ጉድ ነው። አራቱ ቀለሞች በየተራ ነው የሚታተሙት፤ አንዱ በፀጉር ስፋት ከቦታው ቢነቃነቅ "ክብደት" የሚለው ቃል ዙሪያው ሐምራዊ ጥላ ያወጣል። ፊደሉ የተንቀጠቀጠ ይመስላል።

ስለዚህ ጀበናውን ከኢንክስኬፕ በኤስቪጂ አውጥቼ አፊኒቲ ውስጥ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች፣ ሰነድ ላይ አስገባሁት። አንዱን ጥቁር ነካሁና "ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ምረጥ" አልኩት። ሁሉም ተመረጡ። ከዚያ ሦስቱን ዜሮ፣ ጥቁሩን 100። አለቀ። ጽሑፉም እንዲሁ።

አረንጓዴው ደግሞ አለ። ደንበኛዬ የወደዱት በስልካቸው የሚያበራ አረንጓዴ ነው። በቀለም ሊታተም የማይችል ነው፤ ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት አይደለም። አፊኒቲ ኅትመቱ ምን እንደሚመስል በግምት የሚያሳይ ማስተካከያ አለው። ከላይ አድርጌ አየሁት፤ አረንጓዴው ወዲያው ደበዘዘ፣ ወደ ጎመን አደላ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላቸው። "ታዲያ ያኛው አይሆንም?" "አይሆንም እትዬ፣ ማሽኑ አያወጣውም።" ትንሽ ቆይተው "በል ጎመኑን አድርገው" አሉ። ይህ ንግግር አሁን ቢካሄድ ይሻላል፤ 2,000 ስቲከር ከታተመ በኋላ ከሚሆን።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ባርኮድና ኪውአር። ሁለቱም ኢንክስኬፕ ውስጥ ከማራዘሚያዎቹ ዝርዝር ይሠራሉ፤ ሌላ ድረ ገጽ አያስፈልግም።

ኪውአር ላይ ጠንቀቅ ነው። በነጻ እንሠራለን ከሚሉ ድረ ገጾች ብዙዎቹ የሚሰጡት ኮድ በቀጥታ ወደ አንተ አድራሻ አይወስድም። መጀመሪያ በእነሱ በኩል ያልፍና ነው የሚያደርስህ። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ኮዱ ይሞታል፤ ከረጢቱ ግን መደርደሪያ ላይ ነው። ኢንክስኬፕ የሚሠራው አድራሻውን እዚያው ኮዱ ውስጥ ጽፎ ነው። የሚያበቃበት ቀን የለውም። የስህተት መቋቋሚያውን ከፍተኛው ላይ አደረግሁት፤ 30 በመቶ ያህሉ ቢቧጠጥ እንኳ ይነበባል። የቡና ከረጢት ይጨማደዳልና ይህ ያስፈልገዋል። ዙሪያውን በአራት ትናንሽ ካሬ ስፋት ባዶ መተው ደግሞ ግዴታ ነው። ደንበኛዬ ያንን ባዶ ቦታ አይተው "እዚህ ጋ ቅርንጫፍ ጣል አድርግበት" ብለዋል። አይደረግም።

ባርኮዱ የራሱ ልክ አለው። ባለ 13 አኃዙ በመደበኛ መጠኑ 37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ እስከ 80 በመቶ ድረስ ማሳነስ ይቻላል፤ ከዚያ በታች አይመከርም። መለያዋ ጠባብ ስለሆነች 80 ላይ አቆምኩ። "ባርኮዱም ቡናማ ይሁን፣ ከከረጢቱ ጋር ይሄዳል" የሚል ሐሳብ መጣ። ብዙዎቹ የሱፐርማርኬት ማንበቢያዎች ቀይ ብርሃን ነው የሚጠቀሙት። ቡናማ ውስጥ ቀይ አለ፤ ማንበቢያው መስመሩን ነጭ አድርጎ ሊያየው ይችላል። በነጭ ላይ ጥቁር፣ በቃ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም። ሥራ የለም፤ ፋይል ማስተካከል ብቻ።

ሲንክቲንግን ቃል በገባሁት መሠረት። ዴስክቶፑና ላፕቶፑ ላይ ተጭኗል። አንዱ ላይ ያስቀመጥኩት ፋይል ቤቱ ውስጥ ባለው ዋይፋይ በኩል ወደ ሌላው ይሄዳል። ደመና (ኔት ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ) የሚባል ነገር የለም፤ ኔት ተቋርጦ እንኳ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ይሠራል። የፓኬጅ ጊጋባይትም አይበላም። የድሮ ቅጂዎችን እንዲያስቀርም ማዘዝ ይቻላል፣ ማዘዝም ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ አንዱ ላይ ያጠፋኸውን ሌላውም ላይ ያጠፋልሃል። ስለዚህ ሲንክቲንግ መጠባበቂያ አይደለም። መጠባበቂያዬ በሳምንት አንዴ የምሰካው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ያለቁ ፋይሎች ደግሞ ደመና ላይ ይወጣሉ።

የስልክ ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት ሎካልሴንድ አለ። ያው በዋይፋይ ነው፣ አንድሮይድም አይፎንም አይልም። ከዚህ በፊት ለራሴ በቴሌግራም እየላክሁ እንደገና አወርድ ነበር፤ አንድ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ፋይሉ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

የፋይል ስም ላይ ዓመተ ምሕረት ከፊት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። እንዲህ ሲሆን ራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል። ጥያቄው በየትኛው አቆጣጠር የሚለው ነው። ደንበኛዬ "የጥቅምት 30ውን ላክልኝ" ነው የሚሉኝ፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ኖቬምበርን ነው። በእኛው አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተሩ ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን እንደሆነ በራሱ ይዞታል።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የሙከራ ፋይል ይዤ መርካቶ አካባቢ ወዳለው ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ፋይል መላክ ይቻል ነበር፤ ግን ፋይሉ በምን እንደሚከፈት በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

"ጋሼ፣ የቀለም ፕሮፋይላችሁ የትኛው ነው?"

"ፕሮፋይል?" አሉኝ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። "ሲኤምዋይኬ ይሁን። ጽሑፉ ደግሞ ከርቭ ይሁን። ሌላ ምን አለው?"

መልሱ ይበቃኛል። ፒዲኤፉን ኮረልድሮው በሚባል የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ነው የከፈቱት። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ኖቶም አቢሲኒካም የለም። ጽሑፉ እንዳለ ቢመጣ ኖሮ ካላቸው ፎንት አንዱን ይተኩበት ነበር፣ ወይም ሣጥን በሣጥን ይሆን ነበር። እኔ ሁሉንም ወደ ቅርጽ (ከርቭ ያሉት ይህን ነው) ቀይሬ፣ በፒዲኤፍ ኤክስ ዋን ኤ ነው ያወጣሁት። ይህ ዓይነቱ ፒዲኤፍ አርጂቢም፣ ከሥሩ ያለውን አሳልፎ የሚያሳይ ቀለምም አያስገባም፤ አሮጌ ማሽንም ሳይጨቃጨቅ ይቀበለዋል። በየጠርዙ 3 ሚሊሜትር ትርፍ አለ፣ መቁረጫው ትንሽ ቢስት ነጭ መስመር እንዳይታይ። ጽሑፉ የሚታረምበት ዋናው ፋይል ለብቻው ቤት ነው ያለው።

ጋሼ አጉልተው ጥቁሩን በጠቋሚው ነኩት። 0፣ 0፣ 0፣ 100። "ጎሽ" አሉ። ከዚህ ሁሉ ሳምንት ያገኘሁት ትልቁ ሙገሳ ነው።

ናሙናው ዓርብ ይደርሳል ተባለ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ናሙናው መጣ። ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ጎመኑ ጎመን ሆኗል። ጥቁር ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው።

አንድ ቦታ ግን የፈራሁት ደርሷል። ከታች ቡናማ መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ መስመር አለ፣ የፊደሉ መጠን 6 ነጥብ። ነጭ ማለት ቀለም የሌለበት ማለት ነው፤ ፊደሉ የሚገኘው ዙሪያው ሲቀባ ነው። ቀለሙ ትንሽ ሲሰፋ የፊደሉን ቀጭን ክፍሎች ይውጣቸዋል። "ቡና" የሚለው ላይ የ"ቡ" የጎን ጭረት ተውጣለች። የሚነበበው "በና" ነው። የቡና ከረጢት ላይ "በና"!

ዘዴው ከሦስት ነገር ነው። ፊደሉን ከ6 ወደ 7 ነጥብ ከፍ አደረግሁ። ውፍረቱን አንድ ደረጃ ጨመርኩ። በፊደላቱ መካከል ያለውን ርቀት ትንሽ ከፈትኩ። ኖቶ ብዙ ውፍረት ያለው መሆኑ እዚህ ጋ ነው የጠቀመኝ፤ አንድ ውፍረት ብቻ ያለው ፎንት ቢሆን መውጫ አልነበረም። መስመሩ እንዲበቃ "በጥንቃቄ ተቆልቶ የታሸገ" ከሚለው ላይ "በጥንቃቄ" ወጣ። ደንበኛዬ ለሱ ትንሽ ተከራከሩ። "በና" የሚለውን ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው ሳቁና ተዉት።

ለስክሪን የሚሆን የንባብ መመዘኛ እንዳለ ሁሉ፣ ለምሳሌ የጽሑፍና የመደብ ንጽጽር ከ4.5 ለ1 እንዳያንስ የሚለው፣ ለግዕዝ ኅትመት የተጻፈ ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ። እስከዚያው ናሙና ማሳተም ነው። የናሙናን ዋጋ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገባለሁ፤ ደንበኛ ሲጠየቅ "ናሙና ለምን?" ይላል፣ ከሒሳቡ ጋር ሲቀርብለት ግን አይልም።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ፋይል ገባ። የቀረው ልቅምቃሚ ነው።

ዕቃ የሚያደርስ መተግበሪያ ላይ ለሚለጠፈው ፎቶ ፋይሉ ከባድ ነው ተብሏል። የምስል ፋይል የሚያቀልለውን ስኩሽን ከፈትኩ። የጉግል ክሮም ልጆች የሠሩት ነው፤ አሳሹ ውስጥ ይሠራል፣ ምስሉ ግን ከኮምፒውተርህ አይወጣም። መሃል ላይ ያለችውን መስመር ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ በፊትና በኋላ ያለውን ማየት ይቻላል። ለጄፔግ ጥራቱን 75 አካባቢ ሳደርገው በዓይን የሚለይ ነገር አላገኘሁም፤ ከዚያ በታች የፍሬዎቹ ጥላ መቆራረስ ይጀምራል። የድሮ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ) ፋይል ከመጣ ደግሞ ፎቶፒያ አሳሹ ውስጥ ይከፍተዋል። በዚህ ሥራ አላስፈለገኝም፣ ግን የሰው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ የማላጣው እሱ ነው።

ሒሳቡን በሊብሬኦፊስ ሠራሁ። ብዙ የሒሳብ ማዘጋጃ ድረ ገጾች አሉ፤ የቲን ቁጥርና የቅድመ ግብር ተቀናሽ መስመር እንደኛ አገር ስለማያውቁ ቀላል ሠንጠረዥ ይሻለኛል። አንዴ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የምቀይረው።

ቶግልን አየሁት። ከተመዘገበው ሰዓት ግማሽ ያህሉ ሥዕል አይደለም። እርማት መቀበል፣ ጽሑፍ ማስተካከል፣ ፋይል ማዘጋጀትና ማተሚያ ቤት መሄድ ነው። ለሚቀጥለው ደንበኛ ዋጋ ስናገር "ንድፍ" ብቻ ብዬ አልጽፍም። "ለኅትመት ማዘጋጀት" የሚል የራሱ መስመር ይኖረዋል፤ ከሁለት ዙር በላይ ያለ እርማትም እንዲሁ።

ለእህቴ ጻፍኩላት፦ "ትልቁን ዝጊው። ፊግማም በነጻው ይቀጥላል። ደመናውን ብቻ ተዪልኝ፣ እሱ ይከፈላል።"

መልሷ ሌሊት ገባ፦ "ተመስገን። ቡናውን ግን በሚመጣ ሰው ላክልኝ።"

ሁለት ከረጢት አስቀርቻለሁ። ስቲከሩ ሐሙስ ይወጣል።